ካኖን 6ዲ እና ካኖን 700ዲ በደብዛዛ ብርሃን፣ አይኤስኦ እስከ ስንት ድረስ ይኬዳል

ጀማው እንዴት ናችሁ። ደሴ ላይ ሰርግ፣ መውሊድ፣ ክርስትና፣ ምርቃት የምናነሳ ልጆች መሀል አንድ ፍርሃት አለ፣ አይኤስኦን (ካሜራው የመጣለትን ብርሃን የሚያጎላበትን ቁጥር) ከ800 በላይ ማውጣት። "ኖይዝ ይገባበታል፣ ፎቶው ይበላሻል" ይባልና ቁጥሩ 800 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፣ ከዛ ፎቶው ይጨልማል፣ ከዛ ቤት ተገብቶ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ በግድ እንዲበራ ይደረጋል፣ ከዛ ሙሽራዋ ፊት ላይ ያ ኖይዝ የሚባለው ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይፈላል፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የአይኤስኦ ነው ይባላል። በኔ እምነት ግን ፎቶውን የሚገድለው ጨልሞ መነሳቱ ነው፣ ቁጥሩ ያለስሙ ስም ተሰጥቶታል። ይሄን የምለው ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን አስቀምጬ ስላየሁት ነው።

ያወዳደርኳቸው እኛ አካባቢ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የማያቸውን ሁለት ካሜራዎች ነው። አንዱ ካኖን 6ዲ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰሩ ሰፊ የሆነ)፣ 20.2 ሜጋፒክስል፣ አይኤስኦው ከ100 እስከ 25600 የሚሄድ፣ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ስታሰፉት ደግሞ 102400 የሚደርስ። ሌላው 700ዲ፣ በ2013 የወጣ፣ ክሮፕ (ከፉል ፍሬም ያነሰ) ሴንሰር ያለው፣ 18 ሜጋፒክስል፣ ከ100 እስከ 12800፣ ሲሰፋ 25600። ሁለቱም አሮጌ ናቸው፣ አዎ፣ ግን አዲስ ሚረርለስ የሚገዛበት አቅም ሁላችንም ጋር የለም፣ ስለዚ ያለንን በደንብ ማወቁ ይሻላል። ሌንሱ ለሁለቱም አንድ ነው፣ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)፣ ያው ሁላችንም የምናውቀው ትንሹ ሌንስ። 700ዲ ላይ ሲገባ ክፈፉ ስለሚጠብ ልክ የ80 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚያሳየው፣ ስለዚ ተመሳሳይ ፎቶ እንዲወጣ ትንሽ ወደኋላ እያፈገፈግኩ ነው ያነሳሁት።

ቦታው አክስቴ ቤት ነው፣ ማታ፣ ከጣራው የወረደ አንድ አምፖል። ረከቦት፣ ጥቁር ጀበና፣ ሞሰብ፣ አክስቴ እራሷ ጥበብ ያለው ነጠላዋን ለብሳ። ጥቁር ጀበናውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት፣ ኖይዝ መጀመሪያ የሚታየው ጥላ ውስጥና ጥቁር ነገር ላይ ስለሆነ። የነጠላው ጥበብ ደግሞ ቀጭን ክር ስለሆነ ዝርዝር መጥፋት አለመጥፋቱን ወዲያው ይናገራል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ኤፍ 4፣ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል)፣ አይኤስኦውን በእጥፍ በእጥፍ እያወጣሁ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ደግሞ በዛው ልክ እያፈጠንኩ፣ ማለትም የፎቶው ብሩህነት ሁሌ እኩል እንዲሆን። አክስቴ "አንተ ልጅ፣ አቦሉ ቀዘቀዘ እኮ፣ አሁንም አላለቀም?" ብትልም እስከመጨረሻው ቁጭ ብላልኛለች፣ አላህ ይስጥልኝ።

ከ100 እስከ 400 ድረስ ምንም ልዩነት የለም፣ ሁለቱም ንጹህ ናቸው፣ እዚ ላይ ጊዜ አላባክንም። 800 ላይ 700ዲ ጀበናው አንገት አካባቢ ትንሽ ትንሽ ነጠብጣብ ማሳየት ይጀምራል፣ ግን መቶ በመቶ አጉልታችሁ ካላያችሁት አታውቁትም፣ 6ዲን ገና አልነቃነቀውም። 1600 ላይ 700ዲ አሁንም ለስራ ይሆናል፣ ጥላው ውስጥ ኖይዙ ይታያል፣ ፊት ላይ ግን ደህና ነው። 6ዲ እዚ ጋር ነው መለየት የሚጀምረው፣ 3200 ላይ ያወጣው ፎቶ 700ዲ 1600 ላይ ካወጣው ጋር ሳስቀምጠው ለመለየት ታገልኩ፣ እንደውም አንዳንድ ቦታ የ6ዲው ይበልጣል። 6400 ላይ 700ዲ ቀለሙ መድከም ይጀምራል፣ የአክስቴ ጥበብ ላይ ያለው አረንጓዴና ቀይ ክር እርስ በርሱ ይቀላቀላል፣ ጀበናው ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ወደ ወይንጠጅ ያደላል። የ6ዲው 6400 ግን፣ ወላሂ፣ ለደንበኛ ይሰጣል። ኖይዝ አለው፣ የለውም አልልም፣ ግን የተሰበጣጠረ ሳይሆን ደቃቅና እኩል የሆነ ኖይዝ ነው፣ የድሮ ፊልም የሚመስል፣ አይን አይረብሽም። 12800 ላይ 6ዲ ለስልክ ስክሪንና ለጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ቀለም ላይ ግን ቆዳ ይገረጣል። የ700ዲ 12800 ካልቸገራችሁ አትንኩት። 25600 በ6ዲም ቢሆን "እዛ ቦታ ነበርኩ" ለማለት ነው እንጂ ለስራ አይደለም። ሜኑ ውስጥ የሚሰፉትን ትልልቅ ቁጥሮች በቃ እርሷቸው፣ ያነሳችሁት ምስል ላይ በቁጥር የማባዛት ስራ ናቸው፣ ያን እናንተም ኮምፒውተር ላይ ትሰሩታላችሁ።

ልዩነቱ ከየት መጣ ካላችሁ ከሴንሰሩ ስፋት ነው። የ6ዲ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የ700ዲ 22 በ15 ገደማ፣ ስፋታቸውን ስታባዙት የ6ዲው ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሰፋል። በተመሳሳይ ኤፍና ሹተር ያንን ያህል ብርሃን ይበልጥ ይሰበስባል ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ሰፊ ሳፋ እና ጠባብ ጣሳ ደጅ ብታስቀምጡ የትኛው ብዙ ውሃ እንደሚይዝ ታውቁታላችሁ፣ በቃ ይሄው ነው። እና ኖይዝ የሚባለው ነገር በአብዛኛው የሚመጣው ከብርሃኑ ማነስ እራሱ ነው። ብርሃን በተቆራረጠ ጠብታ ነው የሚመጣው፣ ጥቂት ሲሆን አንዱ ፒክስል ላይ ብዙ አንዱ ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ያ አለመመጣጠን ነው ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየን። ብርሃኑ አራት እጥፍ ሲቀንስ ከምስሉ አንጻር ኖይዙ እጥፍ ይሆናል። አይኤስኦ ብርሃን አይጨምርም፣ የመጣውን ያጎላል እንጂ፣ ሴንሰሩም ከ100 ወደ 6400 ስታወጡት አይን አይጨምርለትም። ብርሃን የሚጨምሩት ሶስት ነገሮች ናቸው፣ አምፖሉ፣ ሌንሱ እና ሹተሩ።

አሁን ዋናው ጋ ልምጣ። በሁለቱም ካሜራ አንድ አይነት ሹተርና አንድ አይነት ኤፍ ይዤ አንዱን በ6400 ቀጥታ አነሳሁ፣ ሌላውን በ800 አነሳሁና ላይትሩም ላይ ሶስት ስቶፕ (ማለትም ሶስቴ በእጥፍ) አወጣሁት። ወደ ሴንሰሩ የገባው ብርሃን እኩል ነው፣ አንድ ጠብታ አልተለየም። ግን በ6400 ቀጥታ የተነሳው በግልጽ የተሻለ ነው! በ800 ተነስቶ የተጎተተው ጥላው ውስጥ ወይንጠጅ ቀለም ገብቶበታል፣ 700ዲ ላይ ደግሞ እንደ መስመር መስመር የሚሄድ ነገር አለው፣ ያ መስመር በምንም ኤዲት አይወጣም። ምክንያቱ በእነዚ የዛ ዘመን ካኖኖች ላይ ካሜራው ምልክቱን ወደ ቁጥር ሲቀይር የራሱ የሆነ ተጨማሪ ኖይዝ ስላለው ነው፣ አይኤስኦውን ቀድማችሁ ካወጣችሁት ምልክቱ ጎልቶ ነው እዛ የሚደርስ፣ ዝቅ አድርጋችሁ አንስታችሁ በኋላ ከጎተታችሁት ግን ያንን ኖይዝም አብራችሁ ነው የምትጎትቱት። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ላይ፣ ለምሳሌ ሶኒ ኤ7 ሶስት ላይ፣ ይሄ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። እኛ እጅ ላይ ያለው 6ዲ እና 700ዲ ላይ ግን ትልቅ ነው። ስለዚ ካሜራችሁ የዛ ዘመን ከሆነ "ልጠንቀቅ" ብላችሁ 800 ላይ መቆየት ኖይዝ መጨመር ነው።

ለኛ ሀገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ነጭ ልብስ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚያስበው። ክፈፉ በነጠላና በጋቢ ሲሞላ "ይሄ በጣም በርቷል" ይልና ያጨልመዋል፣ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ደግሞ ከሱ በታች ስለሆነ ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ የኛ ቆዳ ጠይም ነው፣ ሁለት ስቶፕ ከጨለመ ኖይዙ በሙሉ የሚሰፍረው ጉንጭና አንገት ላይ ነው። ላሊበላ ለገና የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ታህሳስ 29 ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ ከላይ የአለቱ ጫፍ ላይ ነጭ በነጭ፣ ከታች ግቢው ነጭ በነጭ። እዛ ላይ የብርሃን ማካካሻውን (ካሜራው ከለካው አብልጦ እንዲያበራ የምታዙበትን) ቢያንስ ወደ +1 ካላወጣችሁት የማንንም ፊት አታገኙም። +1 ስታደርጉ ካሜራው አይኤስኦውን ከ400 ወደ 800 ቢያወጣው ምን ችግር አለው፣ ፎቶው ይበልጥ ይጸዳል እንጂ አይበላሽም። ነጩ ጨርሶ እንዳይቃጠል ብቻ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) እዩት።

ውስጥ መግባት ሌላ ጣጣ ነው። ቤተ ማርያም ውስጥ መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግድግዳና ጣራው ላይ ያለው ስዕል ደግሞ እድሜ ጠገብ ነው፣ ፍላሽ በፍጹም አትተኩሱ፣ ለስዕሉም ለሚጸልየው ሰውም ስትሉ። ኤፍ 1.8፣ ሹተር 1/60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 6400፣ በ6ዲ ይሄ ይሰራል። ሻማ ብቻ ሲሆን ግን ተመሳሳይ 6400 ከአክስቴ ቤቱ የባሰ ኖይዝ አለው፣ ምክንያቱም የሻማ ብርሃን 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ቢጫና ቀይ ነው የበዛው፣ ሰማያዊ የለውም ማለት ይቻላል። ነጩን ነጭ ለማድረግ ዋይት ባላንሱን ስታስተካክሉ ያቺን ጥቂት ሰማያዊ ብዙ እጥፍ ነው የምታጎሏት፣ ኖይዙም አብሮ ይጎላል። ስለዚ የሻማ ፎቶን ሙሉ በሙሉ ነጭ ለማድረግ አትድከሙ፣ ቢጫነቱን ተዉት፣ ሻማ ሻማ ይምሰል፣ ያምራል ደሞ። በጥላ ስር በቀን ብርሃን የተነሳ 3200 እና በሻማ የተነሳ 3200 ቁጥራቸው አንድ ይሁን እንጂ ፎቷቸው አንድ አይደለም፣ ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቁ የካሜራ ሙከራዎች አብዛኞቹ በደህና ስቱዲዮ መብራት ስለሆኑ ይሄን አያሳዩም።

መንዙማ ላይ ደግሞ ችግሩ እንቅስቃሴ ነው። ሌሊት ነው፣ ጭሱ አለ፣ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይደምቃል፣ ሰው ይወዛወዛል። 1/60 ላይ ድቤ የሚመታው እጅ ይጠፋል፣ ፊትም ይንቀጠቀጣል፣ 1/125 ዝቅተኛው ነው፣ ቢቻል 1/200። ኤፍ 1.8 ላይ ሆናችሁም 6400 ሊያስፈልጋችሁ ነው። እዚ ላይ ኖይዝ ያለበት ግን የተሳለ ፎቶ እና ንጹህ ግን የተንቀጠቀጠ ፎቶ ምረጡ ብትባሉ አታመንቱ፣ ኖይዝ ይቀነሳል፣ የተንቀጠቀጠ ፊት ግን ማንም አያስተካክለውም። 6ዲን እዚ ላይ የወደድኩለት ሌላው ነገር መሀለኛዋ የፎከስ ነጥብ ናት፣ እስከ -3 ኢቪ (ኢቪ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ድረስ ትሰራለች፣ ያ ማለት እኔ በአይኔ የሚታየኝን ፊት እሷ ትይዘዋለች። የጎኖቹ ነጥቦች ግን እንደዛ አይደሉም፣ ጨለማ ሲሆን ይፈልጋሉ ይፈልጋሉ አያገኙም፣ ስለዚ በመሀሏ ይዛችሁ ክፈፉን ማዞር ነው። ጀማ ንጉስ መውሊድ ለማንሳት የምትሄዱ ልጆች ይሄን ያዙ።

የሰርግ አዳራሾቹ ኤልኢዲ መብራት ላይ አንድ ነገር፣ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ካያችሁ ኖይዝ አይደለም፣ ካሜራውም አልተበላሸም። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ 1/50 ወይ 1/100 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ጄፔግ (ካሜራው እራሱ አስተካክሎ የሚያወጣውን ፋይል) የምታነሱ ደግሞ ካሜራው ውስጥ ያለውን የከፍተኛ አይኤስኦ ኖይዝ መቀነሻ ዝቅ አድርጉት ወይ አጥፉት። እሱ ነጠብጣቡን ሲያጠፋ የጥበቡን ክር፣ ሹሩባውን፣ የሽማግሌ ፊት ላይ ያለውን መስመር ሁሉ አብሮ ነው የሚልሰው፣ ሰው ሰም የተቀባ ይመስላል። እኔ የቆዳ ዝርዝር ያለበት ኖይዝ ያለው ፎቶ ይሻለኛል፣ ሽማግሌ ሰው ፊቱ ላይ ያለው መስመር እድሜው ነው፣ ማን ፈቀደልን ለማጥፋት? ሮው ካነሳችሁ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ በኋላ በልኩ ትቀንሱታላችሁ። ላይትሩም ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. የመጣው አዲሱ የኖይዝ ማጥፊያ በጣም ጎበዝ ነው፣ የ6ዲን 6400 እንደ 1600 አድርጎታል፣ ግን ደህና ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎቶ ሲጨርስ ቡናው በረካ ይደርሳል፣ ሰርግ ሙሉ በሱ መስራት አይታሰብም፣ ለአልበሙ ለተመረጡት ብቻ ተጠቀሙበት።

እና ደግሞ ፎቶውን እንዴት ነው የምታዩት? ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አጉልታችሁ ከሆነ ሁሉም ፎቶ ያስፈራል። የ6ዲ ፎቶ 5472 በ3648 ፒክስል ነው፣ 13 በ18 ሴንቲሜትር ስታሳትሙት በኢንች 300 ነጥብ ሂሳብ 3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ማለትም ስድስት የሚሆኑ ፒክስሎች ተጨምቀው አንድ ይሆናሉ፣ ኖይዙም እዛው ውስጥ ይጠፋል። የ6ዲን 6400 በ20 በ30 አሳትሜ ለሙሽራዋ እናት ሳሳያቸው እሳቸው ያዩት የልጃቸውን ሳቅ ነው፣ "እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዴት አድርገህ ነው ያወጣሃት" ነው ያሉኝ። ነጠብጣቡን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የ700ዲ ባለቤቶች ግን አብሽሩ፣ ካሜራችሁን ለመሸጥ አትሩጡ። ሰኞ ባቲ ገበያ በዛ ፀሀይ፣ ሐይቅ ዳር በጠዋት፣ ሐረጎ ላይ ጉሙ ሳይወርድ፣ በ100 እና በ200 የሁለቱን ፎቶ ደባልቄ ለጓደኞቼ ባሳይ ማንም አለየውም። ቀላል ነው፣ ስክሪኑ ይዞራል፣ በጣት ይነካል፣ 6ዲ ይሄ የለውም። ቀን ላይ የምትሰሩ ከሆነ ለ6ዲ የምትከፍሉትን ብር ሌንስና ፍላሽ ላይ አውሉት። አብዛኛው ስራችሁ ማታ፣ አዳራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መንዙማ ከሆነ ግን 6ዲ ሌላ ካሜራ ነው። ቅር የሚለኝ የሚሞሪ ቦታው አንድ ብቻ መሆኑ ነው፣ ሰርግ የማይደገም ነገር ስለሆነ ሁለት ሚሞሪ ላይ አብሮ የሚጽፍ ቢሆን እንዴት ደስ ይል ነበር። ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ከ700ዲ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ 6ዲ ላይ አይገባም፣ ባትሪውም አይገጥምም፣ ስለዚ ቦዲ ብቻ ገዝታችሁ "ሌንስ አለኝ" እንዳትሉ።

ያገለገለ ስትገዙ እዛው ሱቁ ውስጥ የሌንሱን ክዳን ሳታወልቁ በ6400 አንድ ፎቶ አንሱና አጉልታችሁ እዩት፣ ደማቅ ቀይ ወይ ነጭ ነጥብ ብዙ ካለው ሴንሰሩ ደክሟል ማለት ነው። ከዛ ክዳኑን አውልቁና ኤፍ 16 ላይ ሰማይ አንሱ፣ ቆሻሻ ካለው ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ እሱ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል። የሁለቱም ሹተር የተሰራው ለ100,000 ገደማ ነው፣ ስንት እንዳነሳ ከፎቶው ፋይል ላይ ስለማይገኝ ላፕቶፕና ገመድ ይዛችሁ ሂዱ።

የኔ 6ዲ አሁን የተስተካከለው እንዲህ ነው፣ ሮው፣ አውቶ አይኤስኦ ጣሪያው 6400፣ ዝቅተኛው ሹተር 1/125፣ ነጭ ለባሽ ሲበዛ ማካካሻው +1። 700ዲ ላይ አውቶው ጣሪያ እንጂ የሹተር ወለል አይሰጣችሁም፣ ስለዚ እሱን በቲቪ ሞድ (ሹተሩን እናንተ የምትመርጡበት) 1/125 ይዛችሁ ጣሪያውን 3200 አድርጉት። 6ዲ ማርክ ሁለት ያላችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ወልዲያም ኮምቦልቻም ሁኑ፣ በሻማ ብርሃን በ6400 እና በ12800 ያነሳችሁትን ሮው ላኩልኝ፣ ከዚው ጋር አስተያይቼ እጽፋለሁ።